ሦስቴ ተጠግኖ የተመለሰ ላፕቶፕ፦ በተጨማሪ ዋስትናው ማስቀየር ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ነው፣ ጠያቂዋ ከሐረር ናት፦ «አምና ጥር ላይ ድሬዳዋ ከዚራ ካለ ሱቅ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። የ1 ዓመት ዋስትና አለው፣ ብር ጨምሬ ደግሞ ሌላ 1 ዓመት አስጨመርኩ። ኅዳር ላይ እየሠራሁበት በድንገት ድርግም ብሎ መጥፋት ጀመረ። ቻርጀር ላይ ሲሆን ይብስበታል፣ ከጠፋ በኋላ ቻርጀሩን ነቅዬ ፓወሩን ለረጅም ጊዜ ተጭኜ ካልያዝኩት አይነሳም። አንደኛ ጊዜ ፎርማት አደረጉት፣ ሁለተኛ ቻርጀር ቀየሩልኝ፣ ሦስተኛ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው የድሬ ሙቀት ነው ጸድቷል ብለው ሰጡኝ። አሁን አራተኛ ስወስደው ማዘርቦርዱን መብራት አቃጥሎታል፣ ዋስትናው ይሄን አይሸፍንም ብለው መለሱኝ። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ይነሳል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። የሰፈር ልጅ አንዴ ከፍቶ ራም ጨምሮልኛል፣ ችግር ያመጣብኛል? ዋስትና ከፍዬ አዲስ ሊሰጡኝ አይገባም? ወይስ ብሬን ልጠይቅ?»

ከአዲሱ ልጀምር። ተጨማሪ ዋስትና ስለገዛሽ አዲስ ላፕቶፕ ይገባኛል ማለት አትችዪም፣ ቢያንስ በቀጥታ አትችዪም። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፣ ብር ከፍዬበት የለ እንዴ ይላል። የከፈልሽው ለጥገና ቃል ነው። የሱቅ ተጨማሪ ዋስትና እዚህም ይሁን አሜሪካ አካሄዱ ይመሳሰላል፣ መጀመሪያ ይጠግናሉ፣ ጥገናው እምቢ ካለ ወይ ወጪው ከዕቃው ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ያኔ ነው ቅያሪ የሚመጣው። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ያው ብልሽት ስንት ጊዜ ከተመላለሰ እንደሚቀየር በቁጥር ተጽፏል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ሱቁ እንደ አስፈላጊነቱ ይጠግናል ወይም ይቀይራል» ብሎ ምርጫውን ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀትሽን አውጪና «ይቀየራል» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልገሽ በስክሪብቶ አስምሪበት። ጥሩው ዜና ላፕቶፕሽ ሦስቴ ገብቶ ሦስቴም ያንኑ በሽታ ይዞ መውጣቱ ነው፣ ጥሩ ዜና ስልሽ እንዳትቀየሚኝ፣ ለክርክሩ ማለቴ ነው።

ሌላው፣ አንቺ ጋ ያለው አንድ የሁለት ዓመት ዋስትና አይደለም፣ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ከዕቃው ጋር የመጣው ነው፣ የጨመርሽው እሱ ሲያልቅ የሚጀምር ሌላ ውል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የማይሸፍነው ይበዛል፣ ባትሪ፣ መውደቅ፣ ውሃ፣ የመብራት መብዛት ምናምን። አንቺ ጋ ችግሩ የታየው ኅዳር ላይ ነው፣ ገና በ10ኛው ወር። እነሱ አሁን የሚያወሩት ስለሁለተኛው ዋስትና ነው፣ አንቺ ግን ስለመጀመሪያው አውሪ፦ «ብልሽቱን ያመጣሁላችሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ያኔ አልተጠገነም፣ አሁንም ያው ነው» በያቸው። ለዚህ ኅዳር ላይ ዕቃውን ሲረከቡሽ የሰጡሽ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት ካልሰጡሽ (ብዙ ሱቅ አይሰጥም፣ «እኛ ጋ ተመዝግቧል» ይሉሻል) ከሱቁ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፍሽውን፣ የደወልሽበትን ቀን፣ ያለሽን ሁሉ ስክሪንሹት አድርገሽ አስቀምጪ።

«የድሬ ሙቀት ነው» ያሉሽን ሳነብ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ አቦ ላፕቶፑ የሚኖረው ሐረር ነው! ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፣ ማታ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ አገር። ለድሬ ሰው ቢነገር ኖሮ እቀበለው ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ ላፕቶፕ እንዲሠራ የተፈቀደለት የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ እዚህ ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን ያንን እናልፋለን፣ አቧራው ተጨምሮበት ፋኑ ሲደፈን እኔ ጥገና ሱቅ በወር ስንቱ ይገባል። ያንቺ ምልክት ግን የሙቀት አይደለም። በሙቀት የሚጠፋ ላፕቶፕ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይሆናል፣ ሆዱ እግር ላይ አያስቀምጥም፣ ከባድ ነገር ሲከፈትበት ይብሳል፣ ጠፍቶ ሲበርድ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ያንቺው ቻርጀር ላይ ሲሆን የሚብሰው፣ ቻርጀር ተነቅሎ ፓወሩ ካልተያዘ የማይነሳው፣ ይሄ ወደ ቻርጅ መስመሩ ነው የሚያመለክተው፣ ወይ መሰኪያው ነው ወይ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል። ሳላየው በእርግጠኝነት አልፈርድም፣ ግን እኔ ብሆን ፎርማት ማድረግን የመጨረሻ ሥራዬ አደርገው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ መብራት አቃጠለው ወደሚለው። ይሄ መልስ ለሱቅ በጣም ምቹ ነው፣ ምክንያቱም አገራችን ላይ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያላየ ሰው ስለሌለ ማንም «እውነት ይሆናል» ብሎ ይሄዳል። ግን እስቲ እናስበው። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል ነው የሚሠራው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ከዛ ወደ 19 ወይ 20 ቮልት አውርዶ ነው ለላፕቶፑ የሚሰጠው። ከሶኬት ከፍተኛ ኃይል ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ሞቶ ቦርዱም አብሮት የሄደበት ላፕቶፕ አይቻለሁ፣ ቻርጀሩ ሳይነካው ቦርዱ ብቻ የሄደም አንዳንዴ ያጋጥማል፣ አይቻልም አልልም። ግን ያንቺ ቻርጀር እነሱ ራሳቸው የሰጡሽ ነው፣ አሁንም ይሠራል፣ ላፕቶፑም ይነሳና 20 ደቂቃ ይሠራል፣ በሽታውም ከኅዳር ጀምሮ ያው አንድ ነው። የተቃጠለ ነገር ካለ የተቃጠለበት ቦታ አለ። ቺፑ ጠቁሮ፣ ቦርዱ ቢጫ ሆኖ ወይ ሸቶ ይታያል፣ ካልታየም በቴስተር ሲለካ ሾርት ያደረገው ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄሽ አጭር ይሁን፦ የቱ ጋ ነው የተቃጠለው፣ ፎቶውን አሳዩኝ፣ በጽሑፍ ስጡኝ። ቻርጀርሽ ክብ ጫፍ ያለው ከሆነ ሐረር ያለ ማንኛውም ቴክኒሻን በአንድ ደቂቃ በቴስተር ይለካልሻል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ከሰጠ የለካበትን ፎቶ አንሺ። ጫፉ ታይፕ ሲ ከሆነ እንዲህ በቀላሉ አይለካም፣ ተይው።

ማስረጃ ካልሽኝ ከሁሉ በላይ ቪዲዮ ነው። ይሄ የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ስለሆነ ሱቅ ላይ 10 ደቂቃ ሰክተው «ይኸው ይሠራል» ይሉሻል፣ እና በሐረርና በድሬ መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት ወርደሽ መልሶ መውጣት ነው የሚተርፍሽ። ስልክሽን አንድ ቦታ አደላድለሽ አስቀምጪ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ፣ የግርጌው ሲሪያል ነምበር፣ ሰዓቱና ቀኑ ስክሪኑ ላይ እየታየ፣ ከዛ እስኪጠፋ ድረስ ሳታቋርጪ ቅረጪ፣ ሲጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ስትነቅዪና ፓወሩን ይዘሽ ስታስነሺው። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሚው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፣ ዊንዶውስ እንዲህ በድንገት ሲጠፋ ለራሱ ማስታወሻ ይይዛል፣ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን ከፍተሽ ሲስተም የሚለው ውስጥ ከርነል ፓወር ቁጥር 41 የሚል በቀይ ታገኛለሽ፣ በቀንና በሰዓት፣ እያንዳንዱ አጠፋፍ። ይሄ መንስኤውን አይነግርሽም፣ በትክክለኛ መንገድ እንዳልተዘጋ ብቻ ነው የሚመሰክረው፣ ግን 15 ጊዜ በተከታታይ ተደርድሮ ሲታይ «ምንም የለውም» ማለት ያሳፍራል። ፎቶ አንሺው፣ ምክንያቱም መልሰው ፎርማት ካደረጉት ይጠፋል (ፎርማት ማድረግ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ክፉ ሰው አትበሉኝ እንጂ)። ካምፓኒዎቹ የጫኑት መመርመሪያም አለ፣ ኤችፒ ከሆነ ሲነሳ ኤፍ 2፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 12 ተጭነሽ ትገቢበታለሽ፣ ሃርድዌር ላይ ስህተት ካገኘ ኮድ ይሰጣል። ካላገኘ ደግሞ አትደናገጪ፣ እንዳንቺው ያለውን ብልሽት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

የራሙ ነገር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደካማው ጎንሽ ይሄ ነው። ራም መጨመር በራሱ ማዘርቦርድ አያበላሽም፣ ብዙ ሞዴል ላይም ባለቤቱ ሊጨምረው ተብሎ ነው ቦታው የተተወው። ችግሩ ሱቆች ብሎኑ ላይ የሚለጥፉት ትንሽ ስቲከር ናት፣ እሷ ከተቀደደች «ሌላ ሰው ነክቶታል» ይሉሻል፣ ዋስትናሽ ላይም ይሄ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የምመክርሽ ሁለት ነገር ነው። የተጨመረውን ራም አስወጪና በገዛሽበት ሁኔታ አድርገሽ ሞክሪው፣ እንደዛም ሆኖ ከጠፋ ራሙ ከደሙ ነፃ ነው፣ ይሄንንም ቅረጪው። ከዛ ደግሞ አትደብቂ። መች እንደተጨመረ ንገሪያቸው፣ መጥፋት ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ሦስቴ ሲረከቡሽ ስቲከሩን አይተው ዝም ብለው ከሠሩት አሁን በአራተኛው ቢያነሱት ጥያቄው ወደነሱ ይዞራል። ከዚህ በኋላ ግን ማንም እንዳይከፍተው፣ እኔም ጋ ብታመጪው አልከፍተውም።

ይሄን ሁሉ የምለው ከዛኛውም በኩል ስለተቀመጥኩ ነው። ድሮ ለአንድ መደብር የዋስትና ዕቃ እሠራ ነበር፣ ስሙን ተዉት። ዕቃ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ስንት እንዳለ ታያለህ፣ 12 ላፕቶፕ ተደርድሮ ከሆነ የሚጠፋውን ጠብቀህ ለማየት ጊዜ የለህም፣ ፎርማት አድርገህ «ተሠርቷል» ብለህ ትጽፋለህ። ተንኮል አልነበረም፣ ስንፍናና ጥድፊያ ነበር። እና የሚገርምሽ ቶሎ የሚስተናገደው የሚጮኸው ደንበኛ አልነበረም፣ እሱን ባለቤቱ ሻይ ጋብዞ ይሸኘዋል። ቀን በቀን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ነበር ባለቤቱ ወደ ጓዳ ጠርቶ የሚያማክረው።

ሕጉን በአጭሩ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ላይ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ኃላፊ ነው ይላል፣ ገዢም ጉድለቱን እንዳየ ቶሎ ማሳወቅ አለበት፣ አንቺ አሳውቀሻል። ተጨማሪ ዋስትናሽ ውል ስለሆነ ቁጥር 1731 ላይ እንደተባለው ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው፣ ይሄ ግን በሁለቱም በኩል ይቆርጣል፣ መብራት አይሸፈንም ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ አንቺንም ይይዝሻል፣ ለዚህ ነው መብራት መሆኑን ያሳዩ የምልሽ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ከሽያጭ ጋር የተገባን የዋስትና ግዴታ አለመወጣትን ከተከለከሉት ተግባሮች ውስጥ ይቆጥረዋል። ግድግዳው ላይ ያለችው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል ወረቀት ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ነው የምትሠራው፣ ጉድለት ላለበት ዕቃ አይደለም፣ ሲጠቁሙሽ ዝም ብለሽ እለፊያት።

ብሬን ልጠይቅ ወይ ላልሽው፣ እኔ በመጀመሪያ አትጠይቂ ነው የምልሽ። ብር ይመለስ ቢባል የሚመለሰው የገዛሽበት ዋጋ ነው፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ታውቂዋለሽ፣ በአምና ጥር ብር ዛሬ ያንኑ ላፕቶፕ አታገኚም። አንዳንድ ሱቅ ሲጨንቀው «እሺ ብርሽን ውሰጂ» የሚለው ደግነት መስሎሽ እንዳትቸኩዪ፣ ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ቅደም ተከተልሽ እንዲህ ይሁን፣ አንደኛ ተመሳሳይ ላፕቶፕ፣ ሁለተኛ አዲስ ማዘርቦርድ (የተጠገነ ሳይሆን የተቀየረ፣ ከተወሰነ ጊዜ ዋስትና ጋር በጽሑፍ)፣ ብር የመጨረሻው።

ተመሳሳይ ሲባል ደግሞ ተጠንቀቂ። ኮር አይ 5 የሚባለው ፕሮሰሰር ሁሉ አንድ አይደለም፣ የ12ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ወስደሽ የ8ኛው ቢሰጥሽ ስሙ ያው ነው፣ ዕቃው ግን የዓመታት ልዩነት አለው። ጄኔሬሽኑን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን፣ የስክሪኑን መጠን ደብዳቤሽ ላይ ጻፊው። ከዱባይ የመጣ ዩዝድ በካርቶን አሽገው ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ዋስትናው ላይ የታደሰ ዕቃ እንሰጣለን የሚል ካለ መከራከር ይከብድሻል፣ ከሌለ ግን አዲስ ነው የገዛሁት በይ። ሲሪያሉን ካምፓኒው ዌብሳይት ላይ አስገቢው፣ የፋብሪካ ዋስትናው መች እንደጀመረ ስለሚያሳይ ዕድሜውን ትገምቻለሽ። እና የቀረሽ የዋስትና ጊዜ ለአዲሱ ይቀጥላል ወይስ ያልቃል? ብዙ ተጨማሪ ዋስትና አንዴ ከቀየረ በኋላ ግዴታዬን ጨርሻለሁ ብሎ ይዘጋል፣ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በዚሁ ልበለው፣ ዘመድ ከአሜሪካ በሱቅ ተጨማሪ ዋስትና ገዝቶ የላከው ላፕቶፕ ከሆነ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ እዛው አገር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ዕቃው ወደ ገዛው ሰው ተመልሶ እሱ ነው ሱቁ ድረስ መውሰድ ያለበት።

እንግዲህ የምታደርጊው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፣ በሁለት ኮፒ። የገዛሽበት ቀን፣ ሲሪያሉ፣ ያስገባሽባቸው አራት ቀናት፣ በእያንዳንዱ ምን እንዳሉሽ፣ አሁን ምን እንደሚያደርግ፣ እና መጨረሻ ላይ «በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በተመሳሳይ እንዲቀየርልኝ፣ የማትቀይሩ ከሆነ ምክንያታችሁን ከቴክኒሻን ምርመራ ጋር በጽሑፍ እንድትሰጡኝ» በይ። ስድብ የለ፣ ማስፈራሪያ የለ፣ አራቱ ቀናት ብቻቸውን በቂ ናቸው፣ ፎርማት፣ ቻርጀር፣ ሙቀት፣ መብራት፣ ለአንድ በሽታ አራት ምርመራ ተደርድሮ ሲያዩት ራሳቸው ያፍሩበታል። አንዱን ኮፒ ፈርመው ማኅተም አድርገው ይመልሱልሽ። አንፈርምም ካሉ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ እሱ ባለበት ስጫቸው፣ በቴሌግራምም ላኪላቸው። መልስ ካልመጣ ለሱቁ የንግድ ፈቃድ የሰጠው የድሬዳዋ ንግድ ቢሮ ነው ቦታሽ፣ የሐረሩ አይደለም። ፍርድ ቤት መብትሽ ነው፣ ግን ለአንድ ላፕቶፕ የምትመላለሺበት የትራንስፖርትና የጊዜ ወጪ ሊበልጥብሽ ስለሚችል እኔ ከቢሮው በፊት አላስበውም፣ ከዚያ በፊትማ ሱቁን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ጣልቃ ቢገባ ይሻላል፣ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነጋዴ ስሙን ይፈራል።

ከመስጠትሽ በፊት ፋይልሽን ሁሉ ገልብጪ፣ የትኛውም ዋስትና ለዳታ ኃላፊነት አይወስድም፣ ከኢሜይልሽ፣ ከባንክ ምናምን ሎግ አውት አድርጊ፣ ፓስወርድ ያስቀመጥሽበትን ሁሉ አጥፊ። ደረሰኝሽን ደግሞ አሁኑኑ ፎቶ አንሺ፣ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ራሱ ሙቀት ያጠፋዋል፣ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ያመጣልኝ ሰው አለ፣ አሳዘነኝ፣ ምንም ላደርግለት አልቻልኩም።

ስትሄጂ ጠዋት 3 ሰዓት ሱቁ ጋ ድረሺ። ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ከሰዓት ባለቤቱ በርጫ ላይ ስለሚሆን የምታገኚው ሻጩን ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ የመቀየር ሥልጣን የለውም። ላፕቶፑን ጭንሽ ላይ ያዢው፣ ሚኒባሱ ጀርባ አታስጭኚው። ቻርጀሩንም አትርሺ፣ ያለሱ ከሄድሽ «ቻርጀሩን ሳናይ ምንም ማለት አንችልም» ተብለሽ በዛው ቀን ትመለሻለሽ።